ሰባት የሸክላ ፍሬዎች

ይህ ዋልነት ስንት ዓመቱ ነው?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእናቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ስንት ጊዜ እንዳገላበጥሁት አላስታውስም። እውነተኛ ዋልነት፣ ያ ቅርፊቱ ተሰብሮ የሚበላው ፍሬ፣ አይደለም፤ ሸክላ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ግን መስበሪያ ፍለጋ ይነሣል። የቅርፊቱ ሽብሽብ፣ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት መስመር፣ ነቀዝ የበሳት የምትመስል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሳትቀር አለችበት። ዕድሜው አምስት ዓመት ከሆነ የቱሪስት ዕቃ ነው፤ እራታችንን በልተን እንተኛለን። ሁለት መቶ ዓመት ከሆነ ግን እናቴ በሕግ ዓይን ሌባ ናት።

"ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?" አለች እናቴ። የሥራ ዩኒፎርሟን ገና አላወለቀችም።

"ስንት ናቸው፣ እማ?"

"ሰባት። ደስ ይሉሻል ብዬ እኮ ነው ያሳየሁሽ።"

ቆርቆሮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ውስጡ ሁለት ኦቾሎኒ፣ ሦስት የዱባ ፍሬና አንድ የተጨማደደ ቴምር ነበሩ። ሁሉም ሸክላ።

እናቴ ጽጌወይን ኬርጊቨር ናት። ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ሚስተር ሹ የሚባሉ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ቻይናዊ አዛውንት በሳምንት አምስት ቀን ትንከባከባለች። ሚስተር ሹ ወጣት ሳሉ መጥተው እዚህ ከተማ አርባ ዓመት ኑድል ሲሸጡ ኖረዋል፤ ከዚያ በፊት አገራቸው ላይ የብሩሽ ጽሕፈት መምህር ነበሩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ እንግሊዝኛው ከአእምሯቸው ወጥቶ ሄዷል። የቀራቸው ቻይንኛ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚሰማቸው የለም። ሌላ ከተማ፣ ሬኖ፣ የምትኖረው አንድ ልጃቸው ሊንዳ እንኳ ከሰላምታ በቀር አታውቅም።

ሚስተር ሹ ከአባታቸው የወረሱት የጽሕፈት ጠረጴዛ ዕቃ አላቸው፤ ብሩሽ የሚደገፍበት፣ ቀለም የሚበጠበጥበት፣ ውሃ የሚንጠባጠብበት። ሊንዳ ልታስገምተው ፈልጋ ስለ ሰው ስትጠያይቅ እናቴ አላስቻላትም። "ልጄ ሐሌሉያ ቻይና ድረስ ሄዳ የተማረችው ይሄንኑ ነው" አለቻት። ስለዚህ ነገ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሄጄ እንዳየው ቀጠሮ ተይዞልኛል። ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ እናቴን ብጠይቃት ነበር "ቆይ፣ እኔም ጋ አለ" ብላ ይህን ቆርቆሮ ከቁም ሳጥኑ ያወጣችው።

"እንዴት መጡ እዚህ?"

"አባባ ሰጡኝ።" ሚስተር ሹን አባባ ነው የምትላቸው። "ዓርብ ዓርብ ሥራ ስጨርስ፣ ከሳህኑ አንድ ያነሡና በሁለት እጃቸው ይዘረጉልኛል። የመጀመሪያውን ዕለት ኦቾሎኒ መስሎኝ ልቆረጥመው ስል ጥርሴን ነበር የማጣው። እንዴት እንደሳቁ ብታዪ።"

"ታዲያ ለምን አልመለስሻቸውም?"

"ሽማግሌ ሰው በሁለት እጁ ሲዘረጋልኝ እምቢ ልበል? ምን ሆነሻል? መጫወቻ ድንጋይ ነው ብዬ ነው። በዚያ ላይ እኔን ስላስታወሱኝ ደስ አለኝ።"

የጽሕፈት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ሳህን ማስቀመጥ የድሮ ቀልድ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ፍሬ መስሎት ያነሣል፣ ባለቤቱ ይስቃል። ይህን አውቃለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ዪሺንግ ሄጃለሁ፤ ሐምራዊው ሸክላ ወደሚቆፈርበት ከተማ። አራት ዓመት ተምሬያለሁ። እናቴ የማታውቀው፣ የመጨረሻውን ፈተና አለመፈተኔን ነው። ፈተናው ሃያ ዕቃ ተደርድሮልሽ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ነበር። በዋዜማው ቲኬት ቆርጬ መጣሁ። ስምንት ወር አለፈኝ። ሻንጣዬ አሁንም ሶፋው ጀርባ ቆሟል፤ ልብስ ስፈልግ ዚፑን ከፍቼ አወጣለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ።

አሮጌና ውድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ስነግራት እናቴ ለመቀመጥ ወንበር ፈለገች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ እናትነሽ ጋ ደወለች። እናትነሽ በዚያው ኤጀንሲ ትሠራለች፤ ለእናቴ ሥራውን ያገኘችላትም እሷ ናት። ስፒከር ላይ አደረገቻት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሥልጠናው ላይ ተኝተሽ ነበር?" አለች እናትነሽ። "ከክላየንት ፍሬ እንኳ አትቀበሉ ብለው አላስፈረሙንም?"

"ፍሬ መሆኑን መቼ አወቅሁ፣ ድንጋይ መስሎኝ!"

"ድንጋይማ ከሆነ በሽልማት ይሸኙሻል።" እናትነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። "ጽጌ፣ ቀልዱን ተዪውና ስሚኝ። ሰንራይዝ ማነር የአረጋውያን ቤት የምትሠራዋ ልጅ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ። በአንዲት ሐብል ነው። አሮጊቷ ሰጠችኝ አለች፤ አሮጊቷን ቢጠይቋት 'ይቺ ማናት?' አለች። አለቀ። ስርቆት የጣት አሻራሽ መዝገብ ውስጥ ከገባ ሆቴል አልጋ እንኳ አታነጥፊም። ያንቺ ደሞ የሲቲዝንሽፕ ቀጠሮሽ መቼ ነው?"

"በሚቀጥለው ወር።"

"በሉ መልሱት። ማንም ሳያይ መልሱት።"

ስልኩ ተዘጋ። እናቴ ሁለቱን እጆቿን ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ የያዙት ነገር ያለ ይመስል አላወጣቻቸውም።

የሚያዋጣው መጀመሪያ ማወቅ ነው አልሁ ለራሴ። ምናልባት አሮጌ አይደሉም፣ ምናልባት በከንቱ ነው የምንፈራው። አንድ መፈተኛ አለ። ይህ ሸክላ ላዩ ምንም ቅብ አይቀባም፤ ስለዚህ ሽታ ይጠጣል። ሻይ አጠገቡ ከኖረ ሻይ፣ ቀለም አጠገቡ ከኖረ ቀለም ይሸታል። አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል የሚፈልጉ ሰዎች የጫማ ቀለም ይቀቡታል፤ የፈላ ውሃ ጠብ ሲልበት ሽታው ይወጣል። የእውነተኛው አሮጌ ሽታ ዝናብ የመታው አፈር ነው።

ውሃ አፈላሁ። በማንኪያ ጫፍ ሦስት ጠብታ ዋልነቱ ላይ ጣል አድርጌ አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

ኮረሪማ።

ደገምሁት። ኦቾሎኒውን ሞከርሁ፤ ቴምሩንም። ሰባቱም ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተቱ።

"እማ፣ ይሄ ቆርቆሮ ምን ነበረበት?"

"ኮረሪማ። እናትነሽ ያመጣችልኝ። ግን እኮ አጥቤዋለሁ፣ በሳሙና!"

ያን ጊዜ ነው የባሰው ነገር የታየኝ። ጥያቄዬ ሳይመለስ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። መልሰን ሳህኑ ውስጥ ብናስቀምጣቸውም የት እንደከረሙ ራሳቸው ይናገራሉ። በዚያ ቻይናዊ ቤት ውስጥ ኮረሪማ የሚሸት ሰው አንድ ብቻ ነው።

ሻይ ቀቅዬ ዘፈዘፍኋቸው። በደረቅ ፎጣ አሸኋቸው። በረንዳው ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው፤ ውጭው በዚህ በረሃ ከተማ የሐምሌ ሙቀት ይጋገር ነበር፤ ሽታው ያልፋል ብዬ ነው። አመሻሽ ላይ ብወጣ፣ በረንዳው በሙሉ የበዓል ወጥ የተሠራበት መስሏል። ሙቀቱ ከሸክላው ውስጥ እየጎተተ አውጥቶት ነበር። ፈጥኜ ሰብስቤ አስገባኋቸው። ከታች መኪና ማቆሚያው ላይ በር በተዘጋ ቁጥር እናቴ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች።

"ዝም ብዬ ለሊንዳ ልንገራት?" አለችኝ።

"ማን ያምንሻል?"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ካልሁት በኋላ ግን ቃሌን አልመለስሁም።

ዓርብ ጠዋት ሊንዳ ከምትመጣበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመን ደረስን። መኪናውን ከቤቱ ራቅ አድርጌ ፓርክ አደረግሁ፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም፣ የሌባ እግር ይመስለኛል። ሰባቱ ፍሬዎች በንጹሕ ካልሲ ተጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ካሜራ መኝታ ቤቱና በሩ ላይ ብቻ ነው ብላኛለች እናቴ፤ የጽሕፈት ክፍሉ ውስጥ የለም። ትናንት ይህን ስሰማ እፎይ ብዬ ነበር። በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት ሳልፍ ግን ተገለጠልኝ፤ ሰባቱን ዓርብ ሲሰጡ ያየ ምንም ነገር የለም ማለት ነው።

ሚስተር ሹ ጠረጴዛቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። እናቴን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

እኔ ጠረጴዛውን ነበር የማየው። የብሩሽ መደገፊያው የተቀነጠሰ የአበባ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀንድ አውጣ ተለጥፏል። የብሩሽ መታጠቢያው ጠርዙ የተጠቀለለ የሎተስ፣ ያ ውሃ ላይ የሚያብበው ተክል፣ ቅጠል ነው፤ ግንዱ ላይ የጥፍር ያህል እንቁራሪት አለች። ውሃ ማንጠባጠቢያው የደረቀ የሎተስ ራስ ነው። አነሣሁት። ውስጡ ያሉት ፍሬዎች እያንዳንዳቸው በየጎድጓዳቸው ተንቀሳቀሱ፣ ሳይወጡም ተንኳኩ። ቅጠሉን አገላበጥሁት፤ ከሥሩ ነፍሳት የበላት የምትመስል አንዲት ትንሽ ቀዳዳ። ቅርንጫፉም ላይ። የሎተስ ራሱም ላይ። ሠሪው በሁሉም ላይ አንዲት የተበላች ቦታ ይተው ነበር፤ የዋልነቷም ቀዳዳ የሱ ናት። ቅጠሉን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ቀለምና ዝናብ የመታው አፈር።

ለጥያቄዬ መልስ አገኘሁ። በሕይወቴ እርግጠኛ የሆንሁበት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል፤ አሮጌዎች ናቸው። ቅጠሉን ቀስ ብዬ ቦታው መለስሁ።

ሳህኑ ውስጥ አምስት ፍሬዎች ቀርተው ነበር። ካልሲውን ፈትቼ ሰባቱን ከነሱ ጋር ደባለቅሁ።

ሚስተር ሹ አዩኝ። እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደው ዋልነቱን አነሡና በሁለት እጃቸው ለእናቴ ዘረጉላት። እናቴ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች።

"እማ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ!"

ከእጇ ወስጄ መለስሁት። ኦቾሎኒ አነሡ፤ ዘረጉ፤ ተቀበለች። መለስሁት። ቴምሩን አነሡ። ሰዓቴን አየሁ። እናቴ ትቀበላለች፣ እኔ እነጥቃታለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ጨዋታ መስሏቸው ይሁን ተቆጥተው አይታወቅም፣ እየፈጠኑ ሄዱ። በመጨረሻ ሳላስበው ቻይንኛ ወጣኝ።

"አባት፣ እባክዎ፣ ሳህኑ ውስጥ ይቀመጥ።"

እጃቸው ቆመ። ወደ እኔ ዞሩ። የገዛ ቋንቋቸውን በኔ አፍ መስማታቸው ያስደነገጣቸው መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጡ መለሱልኝ፤

"አንቺ ገዢ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ የሷን ዕቃ ለምን ትወስጂባታለሽ? እኔ ነኝ የሰጠኋት። ሰባት ሰጥቻለሁ፤ አምስት ይቀራል። ልጄ ስዘረጋላት 'ይሰበራል፣ አስቀምጠው' ትላለች። ይቺ ግን ትቀበለኛለች።"

ቆጥረዋቸዋል። ሰባት፣ አምስት። ለእናቴ ልተረጉምላት ዞር ስል የውጭው በር ቁልፍ ጮኸ።

ሊንዳ ስልሳ የተጠጋች ረጋ ያለች ሴት ናት፤ የፀሐይ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ገባች። እናቴን አቀፈቻት። እኔን ጨበጠችኝ። "ባለሙያዋ አንቺ ነሽ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ በፈገግታ። ከዚያ አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመችና ሳህኑን አየች። "ሁሌም የምወደው እነዚህን ነው። ልጅ ሆኜ አሽትቺ ይለኝ ነበር። 'ዝናብ ነው የሚሸተው' ይለኝ ነበር፣ ገና እንግሊዝኛ ሲችል።"

ልከለክላት የምችልበት ምክንያት አልነበረኝም። የዱባ ፍሬ አንሥታ አሸተተች። ፈገግታዋ አልጠፋም። ዋልነቱን አነሣች።

አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ሦስተኛ አነሣች። ምንም ሳትናገር ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያሸተተች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራቸው ጀመር፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። ስትጨርስ በግራ አምስት፣ በቀኝ ሰባት ሆኑ። ከዚያ ቀና ብላ አሁን ያቀፈቻትን እናቴን አየቻት፤ ሽታውን ከየት እንደምታውቀው ለማስታወስ የምትሞክር ትመስል ነበር። ሳታስታውሰው አልቀረችም።

"ሐሌሉያ፣" አለችኝ ዓይኗን ከእናቴ ላይ ሳታነሣ፣ "እውነተኛ ናቸው?"

ሁለት መንገድ ነበረኝ። የውሸት ናቸው፣ ከገበያ ናቸው ብል፣ ስለ አምስት ዶላር ዕቃ ማንም ፖሊስ አይጠራም። ወይም እውነቱን፣ እውነቱንም በሙሉ፤ አባትሽ አሁን እዚህ ተቀምጠው ምን እንዳሉኝ ላውጋሽ። ቻይንኛው አፌ ውስጥ ነበር፣ ገና አልቀዘቀዘም። እናቴ ታየኛለች። ፈተናው ዋዜማ ላይ ቲኬት ያስቆረጠኝ ፍርሃት እንደገና መጣ።

"ጊዜ ያስፈልገኛል" አልሁ።

ሊንዳ ራሷን ነቀነቀች። "ጽጌ፣ ዛሬ እኔ ስላለሁ ወደ ቤት ግቢ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖረው እመርጥ ነበር።

እናቴ ቦርሳዋን አነሣች። ሚስተር ሹ እንደምትሄድ ገባቸው፤ ዕለቱም ዓርብ ነው። በቀኝ ካሉት ዋልነቱን አነሡና በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

"አባዬ፣ አስቀምጠው፣ ይሰበራል" አለች ሊንዳ።

እናቴ እጆቿን ወደ ኋላዋ ወሰደች። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ከሽማግሌ እጅ ሳትቀበል ስትቀር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ፣ እጆቿን ከጀርባዋ ጨብጣ፣ ወደ በሩ የኋሊት ሄደች። መውጫው ላይ ዞር ብዬ ሳይ የሚስተር ሹ እጆች እንደተዘረጉ ነበሩ።

መኪና ውስጥ ሚስተር ሹ ያሉኝን ነገርኋት። ሰባት ሰጥቻለሁ፣ አምስት ይቀራል። እናቴ ቀበቶዋን ሳታስር ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

"ለሷ አልነገርሻትም?" አለችኝ።

"አልነገርኋትም።"

"ለምን?"

መኪናውን አስነሣሁ። እናቴ ቀበቶዋን አሰረች።

ቅዳሜ ማንም አልመጣም። እሑድ የእናቴ የሚቀጥለው ሳምንት ሺፍቶች ከስልኳ ላይ አንድ በአንድ ጠፉ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ኤጀንሲው ጋ ስትደውል "እየታየ ነው" አሏት። ምን እንደሚታይ አልነገሯትም። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍታ ነው የምታየው፤ ደረጃ ላይ ኮቴ ከሰማች እሱንም ታጠፋዋለች። ቆርቆሮውን ጥላዋለች። ኮረሪማም ቤት ውስጥ የለም።

ሰኞ ጠዋት የሊንዳን ቁጥር ከእናቴ ስልክ ላይ ወስጄ በእንግሊዝኛ ጻፍሁላት። ስድስት ጊዜ ሰርዤ የላክሁት ይህን ነው፤

"ሊንዳ፣ ሐሌሉያ ነኝ፣ የጽጌወይን ልጅ። እውነተኛ ናቸው ወይ ብለሽኝ ነበር። ናቸው። ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ናቸው፣ በጣም አሮጌ ናቸው፤ በየአንዳንዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዪ። ትምህርቴን አልጨረስሁም፣ ወረቀት የለኝም፣ ግን በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ሰባቱ እኛ ቤት፣ ኮረሪማ በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። እናቴ አልሰረቀችም። አባትሽ በየዓርቡ በሁለት እጃቸው ሰጧት። እኛ አገር ሽማግሌ ሲዘረጋ እምቢ አይባልም። አንቺ ከመግባትሽ በፊት በቻይንኛ ነግረውኛል፤ 'ሰባት ሰጥቻለሁ፣ አምስት ይቀራል' ብለው። ያን ጊዜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው። ካላመንሽኝ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው አምጪና ይጠይቃቸው። እባክሽ ቶሎ ይሁን፣ ሳይረሱ። ወይም ራስሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ሲዘረጉልሽ አስቀምጠው አትበያቸው፤ ተቀበያቸው። የኮረሪማው ሽታ ፍሬዎቹ ቀለማቸው አጠገብ ሲከርሙ ይለቃል።"

ከሥሩ "ደርሷል" የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓርብ አልፏል። አሁንም "ደርሷል" ይላል፤ "ተነቧል" አይልም።